ሁሉም ቡድን ጥሎ ማለፍ ይግባ? ከኮሎምበስ የደረሰኝ ጥያቄ

 

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ትንሽ ወጣ ይላል። ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ስለ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፉትቦል ነው። "ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ግን ኢንቦክስ ከሚጽፉልኝ መካከል ልጆቻቸውን እዚያ የሚያሳድጉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። ደግሞም አንጎል የትም አንጎል ነው፣ አዲስ አበባ በኳስ ሜዳ ላይ የተጋጨም ልጅ ከታች የምጽፈው ምክር ይመለከተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ እሁድ ማታ ዲዩቲ ላይ ሆኜ ሁለት መልእክት በተከታታይ ስልኬ ላይ ገባ። የመጀመሪያው በድምፅ ነበር፤ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። እኔ እታለም ነው የምላት። "ዶክተርዬ፣ አለቀ! ተመስገን! ጥሎ ማለፍ አልገቡም፣ ልጄ ተረፈልኝ!" ትላለች፣ ልክ ከወታደር ቤት እንደተመለሰላት።

ሁለተኛው የልጇ ነው። 12ኛ ክፍል ነው፣ 17 ዓመቱ። አራት ቃል ብቻ ጻፈልኝ፦ "አጎቴ፣ 14ኛ ወጣን። አለቀ።"

ያው አንድ ዜና ነው። እናትየው እልል ትላለች፣ ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ያለቅሳል። በማግስቱ እታለም ደውላ ጥያቄውን በቀጥታ አመጣችው። "የትምህርት ቤቱ ወላጆች ሁሉም ቡድን ጥሎ ማለፍ ይግባ፣ ልጆቹ ተበደሉ እያሉ ነው። ስብሰባ አለ። አንተ ሐኪም ነህ፣ ምን ልበል?"

እኔም መልሱን ሳዘጋጅ ካሰብኩት በላይ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማታውቁት። ፉትቦል ሲባል የኛ እግር ኳስ አይደለም። ያቺ እንቁላል የመሰለችው ኳስ፣ ሄልሜት፣ የትከሻ መከላከያ፣ መጋጨት። እዚያ አገር አርብ ማታ የትምህርት ቤቱ ሜዳ መብራት ሲበራ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ኦሃዮ ላይ እያንዳንዱ ቡድን ከነሐሴ ጀምሮ በሳምንት አንድ፣ በጠቅላላው 10 ጨዋታ ይጫወታል። ከዚያ ፕሌይኦፍ የሚሉት ይመጣል። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ፣ ያሸነፈ ወደ ቀጣዩ አርብ።

ማን ይገባል? ይሄ ነው ጭቅጭቁ። ኦሃዮ ይህን ውድድር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሆን፣ ዛሬ ትምህርት ቤቶቹ በ7 ዲቪዚዮን፣ እያንዳንዱ ዲቪዚዮን ደግሞ በ4 ሪጅን ተከፍሏል። ደረጃው የሚወጣው በኮምፒውተር ነጥብ ነው። ስታሸንፍ ነጥብ ታገኛለህ፣ አንተ ያሸነፍከው ቡድን በሌላ ጊዜ ሲያሸንፍ ደግሞ ላንተም ይጨመርልሃል። ስለዚህ ልጆቹ አርብ ማታ የራሳቸውን ጨዋታ ጨርሰው በስልካቸው የሌላውን ውጤት ሲያሳድዱ ያመሻሉ።

ከ2020 በፊት ከየሪጅኑ 8 ቡድን ነበር የሚገባው። በ2020 ኮቪድ መጣ፣ መደበኛው ውድድር ወደ 6 ጨዋታ አጠረ፣ እና "በቃ ሁሉም ይግባ" ተባለ። ሚሺጋንም በዚያው ዓመት ሁሉንም አስገብታለች። ከ2021 ጀምሮ ኦሃዮ ከየሪጅኑ 16 አደረገችው። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ 12 ቀነሰችው። በሂሳብ ስታስቡት 448 ቡድን የነበረው 336 ሆነ ማለት ነው። የኛ ልጅ ቡድን 14ኛ ነው የወጣው። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢሆን ገብቶ ነበር። የወላጆቹ ንዴት ከዚህ የመነጨ ነው፣ ያስናድዳልም።

ጎረቤት ኢንዲያና ግን ከ1985 ጀምሮ ሁሉንም ታስገባለች። ዘጠኙንም ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ጥሎ ማለፍ ይጫወታል። የሚገርመው ደግሞ ድልድሉ በዕጣ ነው፣ ጠንካራና ደካማ ተብሎ አይለይም። አንድም ያላሸነፈው ከአንድም ያልተሸነፈው ጋር በመጀመሪያው ሳምንት ሊገናኝ ይችላል። ይህን ለአርባ ዓመት ሲያደርጉት ኖረዋል፣ ሰማይም አልተደረመሰም።

እንግዲህ "ሁሉም ይግባ" የሚሉት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። እኔን በጣም የነካኝ ክርክራቸው ይሄ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ከሚጫወቱት ልጆች ኮሌጅ ሄደው የሚጫወቱት ከመቶ 7 ገደማ ናቸው። የቀሩት 93ቱ የመጨረሻ ጨዋታቸውን 12ኛ ክፍል ላይ ጨርሰው ሄልሜቱን ይመልሳሉ። እግር ኳስ ቢሆን ሰው 50 ዓመቱም ድረስ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ይሄኛውን ግን ማንም ጎልማሳ ተሰብስቦ ከነመጋጨቱ አይጫወተውም። ለዚህ ልጅ ያቺ እሁድ ማታ የሕይወቱ ምዕራፍ የተዘጋባት ናት። እናቱ ይሄ አልገባትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በመጀመሪያ አልገባኝም።

ሌላም አለ። ሰውነትን ማንቀሳቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ይህን ሳያስበው ያሟላል። ቡድኑ ሲበተን ከትምህርት ቤት መልስ ሶፋ ላይ ከስልኩ ጋር ነው። አንድ ሳምንት ቢጨመርለት ምን አለበት?

እዚህ ላይ የራሴን ላስገባ። 9ኛ ክፍል እያለን ትምህርት ቤታችን የክፍል ለክፍል ውድድር ያካሂድ ነበር፣ በእግር ኳስ። ሁሉም ክፍል ይገባል፣ ዕጣ ይወጣል። ለኛ 12ኛ ክፍሎች ደረሱን። ጺም ያወጡ ሰዎች! 7 ለ 0። እኔ በረኛ ነበርኩ (አትሳቁ)። ግን እስከ ዛሬ የክፍል ጓደኞቼ ሲሰበሰቡ የሚነሳው ያ ጨዋታ ነው፣ ያሸነፍነው አይደለም። ስለዚህ "በሰፊ ውጤት መሸነፍ ልጁን ይሰብረዋል" የሚለውን ያህል አልቀበለውም። ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ ሰባት ጊዜ ኳስ ከመረብ ሳወጣ አንድም ሰው ጭንቅላቴን አልመታኝም።

ወደ ሕክምናው እንምጣ።

ሒሳቡን ስሠራው መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ ለእታለም የሚያስደስት አልነበረም። ጥሎ ማለፍ ውስጥ በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ቡድን ይወጣል። ደካማ የሚባሉት ቡድኖች ሲጨመሩ አብዛኞቹ የሚጫወቱት አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ብቻ ነው። 10 የነበረው 11 ይሆናል። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በልምምድም በጨዋታም የሚገጥመውን ግጭት ስታስቡት፣ የአንድ አርብ ጭማሪ ብቻውን ጤናውን የሚወስን ነገር አይደለም። ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት ጠንካሮቹ ናቸው። ኢንዲያና ላይ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን እስከ 15 ጨዋታ ሊደርስ ይችላል። እነሱ ደግሞ የትኛውም ሕግ ቢወጣ ይገባሉ።

ስለዚህ "ሁሉም ከገባ ልጆቻችን ያልቃሉ" ብሎ ስብሰባ ላይ መነሳት ልክ አይመስለኝም።

የሚያሳስበኝ የግጥሚያው ሚዛን ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ተጫዋች ያንሰዋል። ልጆቹ ሲያጠቁም ሲከላከሉም እነዚያው ናቸው፣ አያርፉም። ሦስተኛው ሩብ ላይ የደከመ ልጅ ጭንቅላቱን ደፍቶ ነው የሚጋጨው፣ ያ ደግሞ አንገትንም አንጎልንም የሚጎዳ አጋጫጨት ነው። የ15 ዓመት ልጅ ከ18 ዓመት ጎልማሳ ጋር ሲሆን ሌላ ነው። ለዚህ ብዙ ስቴቶች ልዩነቱ ሲሰፋ (ከ30 እስከ 40 ነጥብ፣ እንደየስቴቱ) ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥ ያደርጋሉ። ጥሩ ሕግ ነው። አሠልጣኞችም ዋናዎቹን ያስወጣሉ። ግን ያ ሁሉ የሚጀምረው ልጆቹ አንድ ሰዓት ያህል ከተደበደቡ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ለእታለም ልልክ ስል ልጁ ረቡዕ ዕለት ደወለ። ቪዲዮውን አጥፍቶ። "አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለእማዬ አትንገር።" ሐኪም የሆነ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ሆዱ ይረበሻል።

9ኛው ጨዋታ ላይ ተመትቷል። ወድቆ ተነሳ። "ትንሽ ብዥ አለብኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራስ ምታት፣ ክፍል ውስጥ ያለው መብራት መረበሽ፣ ያነበበውን መርሳት። በዚህ ሁኔታ ሳምንቱን ልምምድ ሠርቶ 10ኛውን ጨዋታ ሙሉውን ተጫውቷል። ለማንም አልተናገረም።

"ለምን?"

"13ኛ ነበርን እኮ። አንድ ብናሸንፍ እንገባ ነበር።"

ይሄ ኮንከሽን የምንለው የአንጎል መናወጥ ነው። ልጁ የተለየ ሞኝ አይደለም። በ2004 በወጣ አንድ ጥናት ከ1,500 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ተጫዋቾች ተጠይቀው፣ የአንጎል መናወጥ ከደረሰባቸው መካከል የተናገሩት ከግማሽ በታች ነበሩ። ካልተናገሩት አብዛኞቹ "ቀላል መስሎኝ" ብለዋል። ከመቶ 41ዱ ደግሞ ከጨዋታ እንዳይወጡ ብለው ነው የደበቁት።

እና አሁን ጥያቄው ለኔ ተገለበጠ። 12 ቡድን ሲገባ ስቃዩ ያለው 11ኛ፣ 12ኛ፣ 13ኛ፣ 14ኛ ላይ ነው። መስመሩን 16 ላይ ብታሰምረው 15ኛና 17ኛ ላይ ያሉ ልጆች ይደብቃሉ። ሁሉም ከገባ በመስመር ላይ የሚቆም የለም፣ ይህ የ"ሁሉም ይግባ" ሰዎች ራሳቸው የማያነሱት ጥሩ ክርክር ነው! ግን ወዲያው ሌላው ሐሳብ መጣብኝ፦ ቡድኑ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይሄ ልጅ ከሁለት ቀን በኋላ በዚያ ራስ ምታት ላይ ከምድቡ ጠንካራ ቡድን ጋር ይገጥም ነበር።

ለምን እንደዚህ እንዳስደነገጠኝ ላስረዳ። አንጎል ከመጀመሪያው ምት ሳያገግም ሁለተኛ ምት ሲያገኘው፣ አልፎ አልፎ በደቂቃዎች ውስጥ ያብጣል። ብዙ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን በአብዛኛው በታዳጊዎች ላይ ነው፣ ይገድላል ወይም ዕድሜ ልክ ያሽመደምዳል። በ2006 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ተመትቶ ትንሽ አርፎ በዚያው ጨዋታ ተመለሰ። ከጨዋታው በኋላ ተዝለፍልፎ ወደቀ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ ሕይወቱ ተርፎ ከከባድ ጉዳት ጋር ቀረ። በ2009 ስቴቱ በስሙ ሕግ አወጣ፣ በ2014 ሃምሳውም ስቴቶች ተመሳሳይ ሕግ ነበራቸው። የኦሃዮው ከ2013 ጀምሮ ይሠራል። የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፣ በኋላም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይጫወትም። ሕጉ ግሩም ነው። የሚሠራው ግን ልጁ ሲናገር ወይም ሰው ሲያይ ነው።

ለልጁ ያልኩትን ለናንተም ልድገመው።

ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ይረዳል፣ አንጎል ውስጥ መናወጡን አያስቀርም። ስለዚህ "ሄልሜት አድርጌ ነበር" መልስ አይሆንም። ራስን መሳትም ግዴታ አይደለም፣ አብዛኞቹ አይስቱም። ሲቲ ስካን ነጻ ነው ተባለ ማለት ደግሞ መናወጥ የለም ማለት አይደለም፣ ሲቲው የሚፈልገው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው።

ከተመታ በኋላ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ አንዱ ጎኑ ከደከመ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ነገ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ከሆናችሁ 911፣ እዚህ ከሆናችሁ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል።

እነዚህ ከሌሉ ግን ልጁን ሦስት ሳምንት ጨለማ ክፍል መዝጋት ድሮ ቀርቷል። አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ እረፍት፣ ስልክና ስክሪን ቀነስ፣ ከዚያ ቀላል እርምጃ። ወደ ጨዋታ የሚመለሰው በደረጃ ነው። ከእርምጃ ወደ ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ ልምምድ ያለ ግጭት፣ ከዚያ በሐኪም ፈቃድ ወደ ግጭት። በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ምልክት ከተመለሰ ወደ ኋላ። ትልቅ ሰው በሁለት ሳምንት ገደማ ያገግማል፣ ታዳጊ ግን እስከ አራት ሳምንት ሊወስድበት ይችላል። ይሄንን ከጥሎ ማለፉ ጋር አስተያዩት። አርብ የተመታ ልጅ ለሚቀጥለው አርብ ይደርሳል ብሎ ማሰብ በአብዛኛው ራስን ማታለል ነው፣ ጥሎ ማለፍ ደግሞ ቀጣዩን አርብ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እታለም የፈራችው ሌላውን ነው፣ በቴሌቪዥን የሰማችውን፣ "ሲያረጅ አእምሮው ይጠፋል" የሚባለውን። በ2017 በወጣ ጥናት በልገሳ ከተገኙ የ202 ተጫዋቾች አንጎል ውስጥ በ177ቱ ሲቲኢ የሚባለው በሽታ ተገኝቷል። ቁጥሩ ያስፈራል። ግን አንጎሉን የሰጡት ቤተሰቦች አብዛኞቹ ምልክት ስላዩ ነው የሰጡት፣ የሁሉንም ተጫዋች አይወክልም። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ካልተጫወቱት 14 ሰዎች ደግሞ የተገኘው በ3ቱ ነው። ዋናው ነገር የተጫወቱበት ዓመት ብዛት ነው። አንድ ተጨማሪ አርብ ይህን አይቀይረውም፤ ያልዳነ አንጎል ይዞ ሜዳ የሚገባበት አርብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ለስብሰባው ምን በዪ አልኳት?

ሁሉም ይግባ የሚለውን አልደገፍኩም። ደካማውን ከጠንካራው ጋር በዕጣ ማጋጨት ለልጁ "አንድ ተጨማሪ ጨዋታ" መስጠት ሳይሆን፣ ለጠንካራው ልምምድ መስጠት ነው። ግን ልጆቹ እንዲጫወቱ መፈለጉን እደግፋለሁ፣ መንገዱንም ኦሃዮ ራሷ አንድ ጊዜ አሳይታለች። በ2020 ከጥሎ ማለፉ የወጡ ቡድኖች 10 ጨዋታ እስኪሞላላቸው ከሌሎች ጋር ቀጥረው እንዲጫወቱ ተፈቅዶ ነበር። ያንን አምጡት። 14ኛው ከ15ኛው ጋር፣ በአቻ፣ በራሱ ሜዳ፣ 12ኛ ክፍሎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ፎቶ ተነስተው ይጨርሱ። ማንም ለመግባት ብሎ አይደብቅም፣ መግቢያ የለውምና። (ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚል ይነሳል፣ ይነሳ። የመግቢያ ትኬት ይሸጡ የለ?)

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂ አልኳት፦ "ሜዳው ዳር አትሌቲክ ትሬነር አለ ወይ? በልምምድም ቀን?" ስሙ ያሳስታል፣ አሠልጣኝ አይደለም። ጉዳት ለማየት የተማረና ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ነው። ከአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ጭራሽ የላቸውም። ልጁ ሲነሳ ብዥ እንዳለበት ዓይኑን አይቶ የሚያወጣው ሰው እሱ ነው፣ አሠልጣኙ ውጤቱን ነው የሚያየው። ጥሎ ማለፍ 12 ይሁን 16 ይሁን ከሚለው ስብሰባ ይልቅ ለዚህ ብትጮሁ ይሻላል።

ስለ ልጁ። ለእናቱ እስከ ማታ ራሱ ካልነገራት እኔ እንደምነግራት ነገርኩት፣ 17 ዓመቱ ነው፣ ይሄ በምስጢር የሚያዝ አይደለም። ነገራት። መጀመሪያ እኔን ነው የተቆጣችው፣ ለምን ቀድሜ እንዳላወቅኩ። ሐኪም ጋ ወሰደችው፣ ደህና ነው፣ ሦስት ሳምንት አካባቢ ፈጀበት። ይህን እንድጽፍም እሱ ነው የፈቀደልኝ፣ ስሙን ካልጠራሁ።

ራስ ምታቱ የለቀቀው ቀን ደወለልኝ፣ በዚህኛው ቪዲዮው በርቷል። አንድ ነገር ጠየቅኩት፦ "ብትገቡ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?"

"አይ" አለ፣ ሳያመነታ።